«እግዚአብሔር ትቶኛል» ለሚል ሰው ምን እንበለው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቤተ ክርስቲያናችን በዓመቱ ውስጥ መስቀል የማታሳልምበት አንድ ሳምንት አላት፤ እርሱም ሰሙነ ሕማማት ነው። በሌላው ጊዜ ካህን በመንገድ ስናገኝ እንኳ ቀርበን መስቀል የምንሳለም ምእመናን በዚያ ሳምንት አንሳለምም። እርስ በርስ ሰላምታ መለዋወጥም ይቀራል። ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፤ በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉ ሰዎች የሚሆነው ፍትሐት አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ይደርሳል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ባሉት ቀናት ከጸሎተ ሐሙስ በቀር ቅዳሴ አይቀደስም። አባቶቻችን ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ሳምንቱ አዳምና ልጆቹ ከገነት ተሰደው በጨለማ የኖሩበትን 5500 የፍዳ ዘመን የሚያሳስብ ነው ይሉናል።

ነገር ግን የመጽናናት ምልክቶች በተሰወሩበት በዚያ ሳምንት የቤተ ክርስቲያን በር አይዘጋም፤ ሕዝቡም አይበተንም። ይልቁንም ከወትሮው የበዛ ስግደት ይሰገዳል፤ ግብረ ሕማማት በየሰዓቱ ይነበባል፤ ዓርብ ስቅለት ሲደርስ ሽማግሌውም ሕፃኑም የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞልቶ ሲሰግድ ይውላል። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሥርዓቷ እንደ ተተወ ሰው ሆኖ በእግዚአብሔር ፊት መቆም ምን እንደሚመስል በየዓመቱ ታስተምረናለች።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ይህ ትምህርት ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ዕለት ኑሯችን ገና አልገባም ብዬ ስለማምን ነው። አንድ ወንድማችን ወይም አንዲት እኅታችን በሕይወታቸው የራሳቸው ሰሙነ ሕማማት ሲመጣባቸውና «እግዚአብሔር ትቶኛል» ሲሉ፣ ብዙዎቻችን እንደነግጣለን፤ ቃሉንም እንደ ክህደት ቈጥረን ቶሎ ዝም ልናሰኛቸው እንሻለን። ይህ ድንጋጤ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጣ አይደለም።

የዘጠኝ ሰዓቱ ጩኸት

በስቅለት ዕለት ዘጠኝ ሰዓት የሆነውን ነገር ወንጌላውያኑ ሲጽፉልን፣ ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ በታላቅ ድምፅ ወደ አምላኩ እንደ ጮኸና ለምን እንደ ተወው እንደ ጠየቀ ይነግሩናል (ማቴ. 27፥46፤ ማር. 15፥34)። ትርጉሙን ብቻ ጽፈው አላለፉም፤ ጌታ ራሱ በተናገረበት ቋንቋ ድምፁን ጠብቀው አቆዩልን። እንዲህ በተነገሩበት ድምፅ የተጠበቁልን የጌታ ቃላት በወንጌል ውስጥ ጥቂቶች ናቸው። ወንጌላውያኑ ይህን ቃል የሚያሳፍር አድርገው ቢያዩት ኖሮ በሸሸጉት ነበር።

አንዳንዶች ይህን ቃል አብ ወልድን የተለየበት ሰዓት አድርገው ይተረጉሙታል። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ግን እንዲህ አይልም። አብና ወልድ በመለኮት አንድ ናቸውና መለያየት የለባቸውም። መለኮቱም ከትስብእቱ ለቅጽበተ ዓይን እንኳ አልተለየም፤ ነፍሱ ከሥጋው በተለየች ጊዜ ስንኳ መለኮት ከሥጋውም ከነፍሱም አልተለየም። ታዲያ ያልተተወው ጌታ እንደ ተተወ ሰው የጮኸው ስለ ምንድን ነው?

ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ይህን ሲያብራራ፣ የተተውነውና የተናቅነው እኛ እንደ ነበርን፣ ጌታም የእኛን ነገር የራሱ አድርጎ እንደ ተናገረ ያስተምራል። የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስም ስለ ክርስቶስ አንድነት በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ቃል አንሥቶ፣ ጌታ ከእኛ እንደ አንዱ ሆኖ ስለ ባሕርያችን ሁሉ እንደ ጮኸ ያስረዳል። የቄርሎስ ትምህርት በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ ከተመለሱት ቀደምት መጻሕፍት መካከል ስለሆነ፣ ይህ አስተሳሰብ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም።

እንግዲህ ያ ጩኸት የአዳም ጩኸት ነበር። ከእግዚአብሔር ፊት ሸሽቶ በገነት ዛፎች መካከል የተሸሸገው አዳም ነው (ዘፍ. 3፥8)። በልጆቹም ልብ ውስጥ ለዘመናት ታምቆ የኖረውን ጥያቄ ጌታ በራሱ አንደበት ተናገረው። ከዚህ የተነሣ አንድ ክርስቲያን በመከራው መካከል ተተውሁ ብሎ ሲያለቅስ ክርስቶስ ካልደረሰበት ስፍራ ሆኖ አይናገርም። የዕብራውያን መልእክት እንደሚነግረን፣ ጌታ በሥጋው ወራት በብርቱ ጩኸትና በእንባ ጸሎትን አቅርቧል (ዕብ. 5፥7)። ስለዚህ ወደዚያ ጥልቅ የሚወርድ ሰው ጌታ ቀድሞት የወረደበትን ስፍራ ያገኛል።

የዘጠኝ ሰዓቱ ቃል የ21ኛው መዝሙረ ዳዊት መክፈቻ መሆኑንም ልብ እንበል። ያ መዝሙር በመተው ስሜት ይጀምርና እግዚአብሔር የችግረኛውን መከራ እንዳልናቀ፣ ፊቱንም እንዳልሰወረ በመመስከር በጉባኤ መካከል ወደ ማመስገን ያደርሳል። ዘማሪው መተዉን ሲናገር እንኳ እግዚአብሔርን «አምላኬ» ማለቱን አልተወም። ጌታም ከዚያ ጩኸት በኋላ ነፍሱን በአባቱ እጅ አደራ ሰጠ (ሉቃ. 23፥46)።

ሁሉም መዝሙር ግን እንዲህ ወደ ብርሃን ወጥቶ አይፈጸምም። 87ኛው መዝሙር በልቅሶ ይጀምራል፤ በጨለማም ይፈጸማል፤ በመጨረሻው እንኳ ዘማሪው ወዳጆቹ እንደ ራቁበት እየተናገረ ያበቃል። እናቶቻችን ዳዊታቸውን በየዕለቱ ሲደግሙ ይህን መዝሙር አይዘልሉትም። ቤተ ክርስቲያን ገና ያልነጋለት ሰው የሚጸልየውን ጸሎት በመጽሐፏ ውስጥ አኑራለታለች፤ ሳይነጋለትም ነጋልኝ እንዲል አላስገደደችውም።

ማጉረምረም ኃጢአት አይደለምን?

አንድ ሰው እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። እስራኤል በምድረ በዳ ስላጉረመረሙ አልተቀጡምን? በእግዚአብሔር ላይ ማጉረምረም ኃጢአት ከሆነ፣ ተተውሁ ማለትስ ከዚያ በምን ይለያል?

መልሱን ከዚያው ከምድረ በዳ ታሪክ እናገኛለን። እስራኤል ያጉረመረሙት በድንኳኖቻቸው ውስጥ ሆነው እንደ ነበረ ኦሪት ትነግረናለች (ዘዳ. 1፥27)። ስለ እግዚአብሔር እርስ በርሳቸው አወሩ እንጂ እግዚአብሔርን አላነጋገሩትም፤ የንግግራቸውም ፍጻሜ አለቃ ሾመው ወደ ግብፅ ለመመለስ መምከር ሆነ (ዘኁ. 14፥4)። ሙሴም በዚያው ምድረ በዳ ሸክሙ ከብዶት እጅግ የመረረ ቃል ተናግሯል፤ ሕዝቡን ብቻውን መሸከም እንደማይችል ገልጦ፣ እንዲህ ከሆነስ ሞቱን እንደሚመርጥ እስከ መናገር ደርሷል (ዘኁ. 11፥11-15)። እርሱ ግን ይህን የተናገረው በእግዚአብሔር ፊት ነው። እግዚአብሔርም አልቈጣውም፤ ሸክሙን የሚያግዙት 70 ሽማግሌዎች እንዲሰበስብ አዘዘው።

ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት ከቃሉ ምሬት ይልቅ ቃሉ ወደ ማን እንደሚሄድ በማየት ይታወቃል። አጉረምራሚው ፊቱን ወደ ግብፅ ይመልሳል፤ አልቃሹ ፊቱን ወደ እግዚአብሔር እንዳቀና ያለቅሳል። ወደ እግዚአብሔር የተላከ ምሬት ጸሎት ነው።

ፊቱን ያላዞረ ሰው መልስ ቢዘገይበትም በጸሎት መንገድ ላይ ነው። አደጋው ሰው ምሬቱን የሚያፈስስበት ስፍራ ሲያጣ ነው። በጉባኤያችን መካከል ሊናገረው ካልቻለ፣ በድንኳኑ ውስጥ ብቻውን ያጉረመርመዋል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ግብፅ የሚወስደውን መንገድ ማየት ይጀምራል።

ከሠልስት በኋላ

በዩኒቨርሲቲ ሕይወታችን እንዲህ ያለውን ነገር በቅርብ እናየዋለን። ከእኛ ጋር በግቢ ጉባኤ ይማር የነበረ አንድ ወንድም በሁለተኛ ዓመት ትምህርቱ መካከል ቤተ ሰቡን ያስተዳድሩ የነበሩት አባቱ ዐረፉ። ለቅሶ ደርሶ ወደ ግቢ ሲመለስ ብዙዎች መከሩት። አንዱ ብዙ ማዘን የአሕዛብ ነው አለው። ሌላው እግዚአብሔር የሚወደውን ይፈትናል አለው። ሦስተኛው ደግሞ ምናልባት የቤተ ሰቡን የቈየ ኃጢአት መመርመር እንደሚገባው ነገረው። ያ ወንድም አልተከራከረም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከጉባኤው ቀረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲናገር እንደ ሰማሁት፣ የራቀው እግዚአብሔርን ጠልቶ አልነበረም፤ በጉባኤው ውስጥ ያለ ፈገግታ የሚቀመጥበት ወንበር ስላጣ ነው።

የኢዮብ ወዳጆች ታሪክ ለዚህ ነው የተጻፈልን። ሦስቱ ወዳጆቹ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መልካም ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ እንደ በረታ አይተዋልና አንድም ቃል አልተናገሩትም (ኢዮ. 2፥13)። ጥፋታቸው የጀመረው እግዚአብሔርን ለመከላከል አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ኢዮብ በምሥራቅም በምዕራብም እግዚአብሔርን ፈልጎ እንዳላገኘው ሲናገር (ኢዮ. 23፥8-9)፣ እነርሱ ደግሞ የተደበቀ ኃጢአት ይፈልጉበት ነበር። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቈጣው በእነርሱ ላይ ነው፤ ስለ እርሱ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ እንደ ሆነ መሰከረ፤ ኢዮብም እንዲጸልይላቸው አዘዘ (ኢዮ. 42፥7-8)። እግዚአብሔርን ለመከላከል ብለን የቈሰለ ሰውን ብናቈስል እግዚአብሔር ጥብቅናችንን አይቀበለውም።

ይህን ስል ኃጢአት ከእግዚአብሔር አይለይም ማለቴ አይደለም፤ ነቢዩ ኢሳይያስ እንደሚለይ በግልጥ ነግሮናል (ኢሳ. 59፥2)። ማንኛውም ክርስቲያን በመከራው ጊዜ ራሱን ቢመረምርና ወደ ንስሐ አባቱ ቢቀርብ መልካም ያደርጋል። ነገር ግን ራስን መመርመርና ሌላውን መክሰስ የተለያዩ ናቸው። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የማን ኃጢአት እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ ነግሯቸዋል (ዮሐ. 9፥2-3)። የዚያ ሰው ዕውርነት ለደቀ መዛሙርቱ የክርክር ርእስ ነበር፤ ጌታ ግን ምራቁንና አፈሩን ለውሶ ወደ ዓይኑ እጁን ዘረጋ።

ሕዝባችን ይህን ጥበብ ያውቀው ነበር። በለቅሶ ቤት ጎረቤት መጥቶ በዝምታ ይቀመጣል፤ ንፍሮ ይዞ የሚመጣ አለ፤ ውኃ የሚቀዳ አለ፤ ሲነሣም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይወጣል። ከዚህ የሚበልጥ ስብከት የሚጠብቅ የለም። ችግሩ ከሠልስት በኋላ ይጀምራል። ድንኳኑ ይነቀላል፤ ዘመድ ወደየቤቱ ይመለሳል፤ ሐዘንተኛው ግን በቤቱ ጸጥታ ውስጥ ይቀራል። የመተው ስሜት አብዝቶ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ባለፉት ዓመታት በሀገራችን በሆነው ጦርነትና መፈናቀል ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ብዙዎቹ ይህን ጸጥታ ያውቁታል፤ አስከሬን ስላላገኙ ድንኳን ሳይጥሉ፣ ወግ ያለው ለቅሶ ሳይለቀስላቸው የቀሩም አሉ።

በመስቀሉ እግር ሥር የቆሙትን እናስብ። እመቤታችን ከወንጌላዊው ዮሐንስና ከቅዱሳት አንስት ጋር በዚያ ነበረች (ዮሐ. 19፥25-27)። በዚያ ሰዓት የተናገረችው አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈልንም፤ መቆሟ ግን ተጽፎልናል። በዚያ ከቆሙት ሰዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ጩኸቱን ሰምተው ኤልያስን የሚጠራ መስሏቸው ነበር (ማቴ. 27፥47)። በልቡ ርቆ የሚሰማ ሰው የተጨነቀን ሰው ቃል ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል፤ ለመረዳት ወደ መስቀሉ እግር መቅረብ ያስፈልጋል።

በጨለማ ውስጥ ላለኸው፣ ላለሽው

ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ የምታነቢም እኅቴ፣ ምናልባት ይህ ሁሉ የሚመለከተው ሌላ ሰውን ሳይሆን አንተን ወይም አንቺን ይሆናል። ጸሎቱ ከጣራው በላይ የማይወጣ፣ ቅዳሴውም በሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ የሆነባችሁ ትኖሩ ይሆናል። እንደ ወንድም ጥቂት ልናገራችሁ።

በመጀመሪያ፣ ስሜታችሁ የእምነታችሁ ሚዛን አይደለም። ታላቁ ነቢይ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለምኗል (1ኛ ነገ. 19፥4)። እግዚአብሔር ወደ እርሱ የላከው መልአክ ስለ እምነት ጉድለት አልገሠጸውም። እንቅልፍ ወስዶት ሳለ ቀሰቀሰው፤ ትኩስ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፤ ሁለተኛም መጥቶ ቀሰቀሰውና መንገዱ ሩቅ መሆኑን ነገረው። የደከመ ሰው መብላት፣ መተኛት፣ መታገዝ እንደሚያስፈልገው እግዚአብሔር ያውቃል። ጨለማው ከሳምንታት አልፎ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል፣ ሞትንም የሚያስመኝ ከሆነ፣ ለንስሐ አባታችሁና ለምታምኑት ሰው ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩ፤ ወደ ሐኪምም ሂዱ። ሐኪሙን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፣ ማክበርም እንደሚገባን ሲራክ ያስተምረናል (ሲራ. 38፥1-4)። ጠበሉና ሕክምናው በአንድ እግዚአብሔር ቸርነት የተሰጡን ናቸው፤ አንዱን ለመቀበል ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ከስፍራችሁ አትውጡ። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው የማር ይስሐቅ ትምህርት ጨለማ ለወደቀበት መነኩሴ የሚሰጠው ምክር እጅግ ይደንቀኛል፤ ተንበርክኮ ለመጸለይ አቅም ካጣ፣ ያ ሰዓት እስኪያልፍለት ድረስ ራሱን በልብሱ ሸፍኖ እንዲተኛ ይነግረዋል፤ ከበዓቱ ግን እንዳይወጣ ያስጠነቅቀዋል። እኛም በዓት ባይኖረን ስፍራ አለን። ማመስገን ካልቻላችሁ በአንድ ዐምድ ሥር ቁሙ። መዘመር ካቃታችሁ ሌሎች ሲዘምሩ ስሙ። ጸሎቱ ከአፋችሁ ባይወጣ፣ 87ኛውን መዝሙር ከፍታችሁ የእርሱን ቃል ተዋሱ። በሰሙነ ሕማማት መስቀል ሳንሳለም እንደምንሰግድ፣ መጽናናት ሳይሰማን በእግዚአብሔር ፊት መቆየት ራሱ አምልኮ ነው።

ሦስተኛ፣ ያልታየ ሁሉ የሌለ እንዳይመስላችሁ። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው የአባ እንጦንስ ገድል፣ ቅዱሱ በመቃብር ቤት ውስጥ ሆኖ በአጋንንት ብርቱ ድብደባ ደርሶበት ነበር። በመጨረሻ ብርሃን ወርዶ ሕመሙ ሲቀልለት፣ ከመጀመሪያው የት እንደ ነበረ ጌታን ጠየቀ። ያገኘው መልስ ጌታ ከመጀመሪያውም በዚያው እንደ ነበረ፣ ተጋድሎውንም ይመለከት እንደ ነበረ ነው። እንጦንስ ብርሃኑን ያየው በመጨረሻ ነው፤ ጌታ ግን ብርሃኑ ሳይታይም በዚያ ነበረ። አባ እንጦንስም ጥያቄውን ከመጠየቅ አልፈራም፤ ስለ ጠየቀም አልተነቀፈም።

እኛ ሰንበት ተማሪዎችና የግቢ ጉባኤ አባላትም አንድ ሥራ አለብን። ከጉባኤ የቀረ ወንድማችንን ስም ከመዝገብ ከመሰረዛችን በፊት ወደ ማደሪያው እንሂድ። ከሠልስት በኋላ፣ ከ40ውም በኋላ እንሂድ። ከእርሱ ጋር እንብላ፤ ዝም ብንል አናፍር። ተተውሁ ካለን፣ ያንን ቃል መጀመሪያ ማን በመስቀል ላይ ሆኖ እንደ ተናገረው እናስታውስና ራሳችንን ዝቅ አድርገን እንስማው። ለእርሱ ገና ዓርብ ነው፤ ትንሣኤው እንዳለ እያወቅን ዓርቡን አብረነው እንዋል።

ያልተተወው ስለ ተተውነው የጮኸልን ጌታ በጨለማ ላሉት ሁሉ ብርሃኑን ይግለጥላቸው፤ እኛንም ከወንድሞቻችን መስቀል እግር ሥር የምንቆም ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።